ሳይጎድል ያለቀው ብር

ደባርቅ ላይ ብርድ ልብስ የሚሸጥ ሰው ጦሙን ያድራል ብሎ የሚያስብ ካለ ደባርቅን አያውቃትም። ብርዱ አጥንት ድረስ ይዘልቃል። ከአምቢኮ በኩል በግ ነድቶ የመጣው ገበሬ ከበጉ ዋጋ ላይ ቀንሶም ቢሆን የሚደረብ ነገር ሳይገዛ አይመለስም፤ ከመካነ ብርሃን በጭነት መኪና ተንገላቶ የደረሰውም መጀመሪያ የሚጠይቀው ብርድ ልብስ ነው። አብዱልቃድር በዚህ ንግድ ላይ ሠላሳ ዓመት ያህል ተቀምጧል። ሀብታም አልሆነም። እንዳይሆን ያደረገውም ጠባዩ ነው። ገዥው ሳያይ እሱ ቀድሞ "ይቺ ጠርዟ ተተርትሯል፣ እይ" ይላል። ገዥው ያመሰግነዋል፣ ይመርቀዋል፣ ከዚያ ሄዶ ከጎረቤቱ ይገዛል። ጎረቤቱም የሚሸጥለት ያችኑ ጠርዟ የተተረተረችውን ነው።

አብዱልቃድር ከዱንያ የሚፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ከሚስቱ ከረህማ ጋር ሐጅ ሄዶ መመለስ። ቤት አልሠራ፣ መኪና አልገዛ፤ አንዲት ልጁን ዚነትን አስተምሮ ባንክ ቤት ካስገባ ወዲያ ሌላ ምኞት አልነበረውም። ረህማ ደግሞ ከእሱ ብሳ ትመኛለች። ቴሌቪዥን ላይ ካዕባ በታየ ቁጥር "ድምፁን ቀንሱልኝ" ትላለች፤ በዝምታ ማየት ነው የምትወደው። አንድ ጊዜ ወንድሟ አብዱልቃድርን ለብቻው ጠርቶ "ያጠራቀምከው ለአንድ ሰው ይበቃል፤ አንተ ሂድና ግዴታህን ተወጣ፣ እሷ ኋላ ትደርሳለች" ቢለው ተቆጣ።

"ሠላሳ ዓመት የብርድ ልብሴን ጠርዝ ስትሰፋ የኖረችው እሷ፣ ሐጂ ተብዬ የምጠራው እኔ? አላደርገውም" አለ።

ደግ ሰው ነው፤ ይህን ማንም አይክደውም። እኔን የሚያናድደኝም ይኸው ደግነቱ ነው።

ለሐጅ ብሩ ሁለት ሕግ አበጅቶለት ነበር። አንደኛው፣ ወለድ እንዳይነካው፣ ዚነት በምትሠራበት ባንክ ከወለድ ነፃ በሚባለው ሒሳብ እንዲቀመጥ ነው። ይህንንስ ብዙ ሙስሊም ያደርገዋል። ሁለተኛው ግን የራሱ ፈጠራ ነው። አንዴ የሐጅ ተብሎ የተለየ ብር ተመልሶ ንግድ ውስጥ አይገባም። "ነጋዴ ሲምል ሲገዘት ይውላል፤ መሐላ የነካው ብር ይዤ ካዕባን አልዞርም" ይላል። ጥሩ ዕቃ በርካሽ ሲመጣ ከሰው ተለማምጦ ይበደራል እንጂ ያችን ብር አይነካትም።

ዚነት ምሳውን ይዛለት ሱቅ ስትመጣ ይህን ነገር ታነሳበታለች። የተማረችው የኢኮኖሚውን ነገር ነውና ብሩ ተጋድሞ ባየችው ቁጥር ያንገበግባታል።

"አባ፣ ይኸ ብር እንደተቀመጠ አይደለም" አለችው አንድ ቀን።

"ማን ነካው?"

"ማንም አልነካውም። ቁጥሩ እንዳለ ነው። ግን እንዲህ እንበል፤ ሱቅህ ውስጥ ሃያ ብርድ ልብስ አለ። ገበያ የወጣው ሰው ሁሉ ኪሱ ያለው ብር በአንድ ጊዜ እጥፍ ሆነለት። ብርድ ልብሱ ግን ያው ሃያ ነው። ምን ታደርጋለህ?"

"እኔ እንኳ አልጨምርም።"

"አንተን ተውና ሌላው ነጋዴስ?"

"ሌላውማ ይጨምራል፣ ምን ይለዋል።"

"አየህ፣ አገሩም እንደዚያው ነው። መንግሥት ወጪው ሲበዛበት ከብሔራዊ ባንክ ይበደራል፤ ያ ብር አዲስ ነው፣ ከማንም ኪስ የወጣ አይደለም። እኛም ባንኮቹ ስናበድር ብሩን እናበዛዋለን። ስንዴው ግን በዚያ ልክ አልበዛ፤ መንገዱም እየተዘጋ ዕቃው አይገባ። ስለዚህ ብሩ ይረክሳል።"

አብዱልቃድር ጉርሻውን አላምጦ ዋጠ። "ታዲያ ወለድ ብላ ነው የምትይኝ?"

"አላልኩህም። ወለድ የሚበላውም አልተረፈ። ባንክ በመቶ ሰባት ይሰጠዋል፣ ኑሮው በመቶ ሠላሳ ይጨምርበታል። ያስቀመጠ ሰው ሁሉ እየከሰረ ነው። የሚያተርፈው የተበደረ ነው፤ ዛሬ ከባድ ብር ወስዶ ለከርሞ ቀላል ብር ይመልሳላ። እኔ የምልህ ዕቃ ግዛበት ነው። ጨርቅ ይሁን፣ ቆርቆሮ ይሁን። ካልሆነ ለእማ ወርቅ ግዛላትና መሄጃችሁ ሲደርስ ሽጡት።"

አብዱልቃድር እጁን ሊታጠብ ተነሳ። "የሐጅ ብር ነው" አለ፤ ነገሩ እዚያ ላይ አበቃ። በእነሱ ቤት የሐጅ ብር ነው ከተባለ ወዲያ ወሬ የለም።

የደባርቅ ባለሱቆች ሳምንታዊ እቁብ አላቸው። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አለበት። ዳኛው ሃብተ ጊዮርጊስ የሚባል ማር ነጋዴ ነው፤ ቅዳሜ ገበያ ሲበተን እሱ ሱቅ ተሰብስበው ዕጣ ያወጣሉ፣ ዓመት እስኪሞላ ለሁሉም ይደርሳል። ሁሉም የጣለውን ያህል ነው የሚያነሳው፤ ወለድ የለበትም፣ ለዚያም ነው አብዱልቃድር የሚወደው። በሁለት ሺህ አሥራ ስድስት መስከረም የገባው በሐጅ ስም ነበር። ባንክ ያለው ላይ የእቁቡ ሲጨመርበት ለእሱና ለረህማ ይሞላል። ትንሽም ይተርፋል።

ኅዳር ላይ ዕጣው ወጣለት። ገና እቁቡ በተጀመረ በሁለት ወሩ ነው እንግዲህ። ሃብተ ጊዮርጊስ "በል፣ እዚያ ስትደርስ በዱዓህ እንዳትረሳን" አለው፤ አብዱልቃድር ደስታው ፊቱ ላይ እየታየ እጁን ጨበጠው።

ከሱቁ ሲወጣ ሳሊም ተከተለው። ሳሊም ቆርቆሮና ሚስማር የሚሸጥ፣ ሠላሳ ዓመት ያልሞላው ጎረምሳ ነው፤ ሟች አባቱ የአብዱልቃድር ባልንጀራ ነበር። ጎንደር አንድ ነጋዴ መጋዘን ሙሉ ቆርቆሮ ቸግሮት በርካሽ ዋጋ እየጣለ መሆኑን ሰምቷል። ባንክ ብድር ፈቅዶለት፣ ፊርማው ላይ ሲደርስ ቆመበት። ብሔራዊ ባንክ የዋጋ ንረቱን አረግባለሁ ብሎ፣ ባንኮች በዓመት ከተወሰነው በላይ ብድር እንዳይጨምሩ ጣሪያ ጥሎባቸው ነበር። ብሩ እንዳይበዛ በላይ በኩል አዲስ አበባ የተዘጋው በር ደባርቅ ወርዶ የሳሊምን አፍንጫ መታው።

"ጋሼ፣ ዕጣዎን ይልቀቁልኝ" አለ ሳሊም። "የእኔ ቁጥር ሲወጣ እርስዎ ይወስዳሉ። ደግሞ በነፃ አይደለም፤ መልቀቂያውን በመቶ አሥር እጨምርልዎታለሁ።"

በእቁብ ይህ ነውር አይደለም። ዕጣ ይለቀቃል፣ ይሸጣል፣ ይለወጣል፤ መልቀቂያ የሚቀበለውም ቀና ብሎ ነው የሚሄደው። የአብዱልቃድር ፊት ግን ደም መሰለ።

"የአባትህ ልጅ ሆነህ ወለድ ታበላኛለህ?"

"ኧረ ወለድ አይደለም ጋሼ፣ የመልቀቂያ..."

"ስሙን ብትለውጠው ነገሩ አይለወጥም። ውሰደው፤ ያለ ምንም ውሰደው። ያንተ ሲወጣ ያችኑ ያህል ትመልስልኛለህ። አንድ ብር ጨምረህ ያመጣህ ዕለት ግን ተጣላን።"

ሳሊም ጉልበቱን ሊስም ጎንበስ ሲል ክንዱን ይዞ አነሳው። ይህ ሁሉ የሆነው ሃብተ ጊዮርጊስ ሱቅ ደጃፍ፣ ባለሱቆቹ እየሰሙ ነው። ለሳምንት ያህል ከተማው ስለ አብዱልቃድር ሌላ ወሬ አልነበረውም፤ "እንዲህ ያለ ሰው አለ ዛሬም" ተባለ። አብዱልቃድርም ይህን መስማት አልጠላም፤ የጠላ አስመሰለ እንጂ አልጠላም።

ለዚያ ዓመት ሐጅ ያልቸኮለበት ምክንያትም ነበረው። አገሩ ታውኮ፣ ወደ ጎንደር የሚወስደው መንገድ ሲከፈት ሲዘጋ ነው የከረመው፤ ረህማም ፓስፖርት አላወጣችም። "ሐጁ የትም አይሄድ" አለ ለራሱ። ብሩም የትም የሚሄድ አልመሰለውም።

ረህማ ስትሰማ "ደግ አደረግህ" አለችው። ትንሽ ቆይታ ግን ከመርፌዋ ላይ ቀና ሳትል "ለከርሞ ይሆናል አይደል?" አለች።

"ኢንሻአላህ።"

እንግዲህ የሳሊምን ቁጥር መጠበቅ ሆነ። በየቅዳሜው አብዱልቃድር ሄዶ ይቀመጣል፣ ሌላ ሰው ይወጣል፣ "እንኳን ደስ ያለህ" ብሎ ይመለሳል። ጥር አለፈ፣ ፋሲካ አለፈ፣ ክረምቱ ገባ። ቁጥሯ አልወጣም። ሳሊም በበኩሉ የጎንደሩን ቆርቆሮ አንስቶ፣ ግማሹን ዳባት ላይ ሸጦ፣ በትርፉ ሌላ አስመጥቶ፣ ሁለተኛ ሱቅ ከፍቷል። በሄደበት ሁሉ "አብዱልቃድር ነው ሰው ያደረገኝ" ይላል። ልጁ ምስጋና ቢስ አልነበረም፤ ይህ ይመዝገብለት።

በዚያው ክረምት የረህማ ዓይን መድከም ጀመረ። በመርፌ ክር ማስገባት ሲያቅታት የእርጅና መስሏት ዝም አለች፤ ከበርና ከግድግዳ ጋር መጋጨት ስትጀምር ነው ዚነት ጎንደር ወስዳ ያሳየቻት። ሐኪሙ ዓይኗ ውስጥ ግፊት አለ፣ ግላኮማ ይባላል፣ የሄደው አይመለስም፣ የቀረው ግን ጠብታ በየቀኑ ሳይቋረጥ ከተደረገ ይቆያል አለ። ጠብታው ከውጭ የሚመጣ ነው። ዋጋው ያኔ ቢቆነጥጥም የሚቻል ነበር።

ሐምሌ ላይ መንግሥት የዶላሩን ዋጋ ገበያው ይወስነው ብሎ ለቀቀው። ደባርቅ ላይ ዶላር የሚያውቅ ሰው ድሮ ተራራ ሊያይ ለሚመጣው ፈረንጅ በቅሎ የሚያከራየው ነበር፤ ፈረንጁም ቀርቷል። ስለዚህ ወሬው ሲመጣ ብዙ ሰው ከቁብ አልቆጠረውም። በሁለት ሳምንት ውስጥ ግን ዘይቱ፣ ሚስማሩ፣ ብርድ ልብሱ ሁሉ ዶላር የሚያውቅ ሆኖ ተገኘ። ብር ከውጭ ገንዘብ አንጻር ግማሹን ያህል ክብደቱን እየጣለ ሄደ። ጨዋ ነጋዴ የተባለው ሁሉ ሱቁን ዘግቶ ዕቃውን ሸሸገ፣ ከዚያ በአዲስ ዋጋ ከፈተ።

አብዱልቃድር ምን አደረገ? "በድሮ ዋጋ የገዛሁትን በአዲስ ዋጋ ብሸጥ ከሌባ በምን እለያለሁ?" ብሎ በድሮው ዋጋ ሸጠ። ሰው ተሻማበት። የጎረቤት ባለሱቆች ሳይቀሩ ዘመድ እየላኩ ከእሱ ገዝተው ከራሳቸው መደርደሪያ ላይ ሰቀሉት። ሱቁ ባዶ ሆነ፤ በሸጠበት ብር ሊተካ ቢሄድ ግማሹን እንኳ የሚያመጣ አልሆነም። አይ አብዱልቃድር! ሰው ይህን ሲያይ ይስቅ ወይስ ያልቅስ?

የሳሊም ቁጥር የወጣችው እቁቡ ሊያልቅ ጥቂት ሰው ሲቀረው ነው። ሃብተ ጊዮርጊስ ብሩን ቆጥሮ አስረከበው። አንድ ብር አልጎደለም፤ ኅዳር ላይ ቢወስደው የሚያነሳውን ያህል ነው ያነሳው። በማግስቱ ባንክ ያለውን አስልቶ፣ የዚህ ዓመት የሐጅ ክፍያ ስንት እንደሆነ መጅሊስ ሄዶ ጠየቀ። ክፍያው በብር ቢሰበሰብም ስሌቱ በውጭ ገንዘብ ነው። ለሁለት ሰው ሞልቶ የሚተርፈው ብር ለአንድ ሰው ሆኖ፣ ለሁለተኛው ሩቡን እንኳ አይሞላም።

ሌባ ቢሰርቀው ፖሊስ ዘንድ ይሄዳል። ሰው ቢክደው በሽማግሌ ይጠይቃል። እሱን ማንም አልሰረቀውም፣ ማንም አልካደውም፤ ብሩ ሙሉውን እጁ ላይ ነው። በመንገዱ ላይ ቆሞ ማንን እንደሚከስ አሰበና አጣ። ያን ቀን ሱቁን አልከፈተም።

ሳሊም ይህን ሰምቶ ኖሯል። በሳምንቱ ከዐስር ሶላት በኋላ ቤታቸው መጣ። ጫማውን አውልቆ ገባ፣ ሳይቀመጥ በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ምንጣፉ ላይ አኖረ።

"ጋሼ፣ የሚጎድለውን ሰምቻለሁ። ይኸው ይሞላል። እርስዎ አልጠየቁኝ፣ እኔም ቃል አልገባሁ። ከቆርቆሮው ያገኘሁት በእርስዎ ዕጣ ነው፤ እማማ ረህማን ይዘው ይሂዱበት።"

አብዱልቃድር ጥቅሉን አየው። ደስ አለው፤ ለአንድ አፍታ ረህማ እጁን ይዛ በዚያ ነጭ ወለል ላይ ስትራመድ ታየችው። ወዲያው ደግሞ ሃብተ ጊዮርጊስ ደጃፍ የተናገረው ቃል፣ የሰሙትም ሰዎች ፊት መጣበት።

"ምን ብዬህ ነበር?" አለ።

"ጋሼ..."

"አንድ ብር ብትጨምር ተጣላን አላልኩህም? አበድሬህ፣ መልሰህ፣ በላዩ ስትጨምርልኝ ይኸ ምንድን ነው ስሙ? ወለድ ይዤ የአላህን ቤት ልጎብኝ? አንሳው።"

ሳሊም ለመነ። ለምኖ ሲያበቃ ጥቅሉን አንስቶ፣ ፊቱ ቲማቲም መስሎ ወጣ። ረህማ ጓዳ ነበረች፤ ሁሉንም ሰምታለች። ወጥታ ባሏ አጠገብ ተቀመጠችና ቀስ ብላ "የመስጊዱን ሼህ አነስን ለምን አትጠይቅም?" አለችው።

"የማውቀውን ነገር ምን እጠይቃለሁ?"

እውነቱን እንናገረው። በልቡ ያልተማመነበት ነገር ስለነበር ነው ያልጠየቀው። ሼሁ አይቻልም ቢሉት ያው ነው። ይቻላል ቢሉትስ? ከተማ ሙሉ ያወራለትን ቃሉን መልሶ ሊውጥ፣ ያባረረውን ልጅ ሄዶ "ያን ነገር አምጣው" ሊለው ነው። ይህን ከማድረግ የሐጁ መዘግየት ቀለለው። በልቡ ግን ስሙን ሃይማኖት አለው።

ምዝገባው መጣና አለፈ። ረህማ "አንተ እንኳ ሂድ" ብትለው "ያላንቺ አልሄድም" አለ። ብሩ ከወለድ ነፃ ሒሳቡ ውስጥ፣ በሁለቱ ሕጎች ታጥሮ፣ ሌላ ዓመት ተኛ። ዚነት ወርቅ ግዙ ብላ ጮኸች፣ አለቀሰች፣ ሰለቻት። አንድ ቀን ከሥራ ስትመለስ አባቷ በሬዲዮ የሰማውን ይዞ ጠበቃት።

"የዋጋ ንረቱ ቀነሰ ይላሉ" አላት ተስፋ አድርጎ። "ብሔራዊ ባንክ ወለዱን ከፍ አድርጎ ብሩን ጠበቅ አድርጎ ይዞታል ይላሉ። ወለድ ሲጨምር ተበዳሪ ይቀንሳል፣ ብሩም አይበዛም፤ አንቺው የነገርሽኝ ነው። እንግዲህ ዋጋው ሊመለስ ነዋ?"

ዚነት ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ ቆመች። "አይመለስም አባ።"

"ቀነሰ እያሉ?"

"ቀነሰ የሚሉት መጨመሩ ነው። ድሮ ይሮጥ የነበረው አሁን በእግሩ ይሄዳል ማለት ነው እንጂ ወደ ኋላ አይመጣም። የጨመረው እንደጨመረ ይቀራል።"

"እንግዲያ ያለቀብኝ አለቀ።"

"አለቀ" አለችና ቦርሳዋን አስቀመጠች።

ሳሊምንም ያ ጠበቅ ተደርጎ የተያዘው ብር አልማረውም። አብዱልቃድር አልቀበልም ያለውን ብር ይዞ ትልቅ ጭነት አስመጣ፣ የቀረውን ባንክ በከባድ ወለድ አበደረው፤ ሰው ግን ኪሱ ደርቆ ቤት መሥራት አቆመ፤ ቆርቆሮው ሳይሸጥ ወለዱ ይቆጥራል። አንደኛውን ሱቅ ሸጠ፣ ሁለተኛውንም ሸጠ። አሁን ጎንደር የሰው ተቀጣሪ ነው ይባላል። ደባርቅ መጥቶ መንገድ ላይ ሲገናኙ አብዱልቃድርን ሰላም ይለዋል፤ ዓይኑን ግን አያየውም።

የረህማ ነገር የታወቀው በዚህ መሐል ነው። ዚነት የእናቷን ጠብታ ልትገዛ ፋርማሲ ስትሄድ ባለመድኃኒቱ "እናትሽ ተሻላቸው እንዴ? ከመጡ ቆዩ" አላት። ቤት ገብታ ብልቃጡን አየችው፤ ለአንድ ወር የተሰጠው ከሦስት ወር በላይ ቆይቷል። ጠብታው ከዶላሩ ጋር ዋጋው ሲወጣ ረህማ ቀን እየዘለለች፣ ኋላም ሳምንት እየዘለለች ታደርግ ኖሯል። ጠብታ አለሽ ወይ ሲሏት "አለኝ" ነው መልሷ፤ አልዋሸችም፣ ብልቃጡ ውስጥ አለ።

"ምነው እማ? ምነው ለእኔ እንኳ ብትነግሪኝ?"

"ውድ ነው ልጄ። ብነግርሽ አባትሽ ያንን ብር ሊነካ ነው" አለች ረህማ።

ጎንደር ወሰዷት። ሐኪሙ አየና አንዱ ዓይን ሄዷል፣ ሌላውም ጥላ ከመለየት አያልፍም አለ። ረህማ አላለቀሰችም። አብዱልቃድር ግን ሚኒባሱ ውስጥ፣ ሰው በሞላበት፣ ከጎንደር እስከ ዳባት አለቀሰ፤ ማንም ሊያባብለው አልደፈረም።

በሁለት ሺህ አሥራ ስምንት የሐጅ ምዝገባ ሲነገር፣ አንድ ጠዋት ዝም ብሎ ወጥቶ መጅሊስ ሄደ። ክፍያውን ነገሩት። ዘንድሮ ደግሞ ያለው ብር ለአንድ ሰውም አይሞላም። ሱቁ ውስጥ የሚሸጥ ነገር የለ፣ የሚያበድረው ሰው የለ። አመስግኖ ወጣና እግሩ መስጊድ ወሰደው። ሼህ አነስ ከአምዱ ሥር ብቻቸውን ተቀምጠው ነበር። ከፊታቸው ተንበርክኮ፣ ዓይኗ ለጠፋ ሴት የሐጅ ግዴታ ይቀርላታል ወይ ብሎ ጠየቃቸው።

"መሪ ካላትና አቅሙ ካለ ዓይነ ስውርም ይሄዳል" አሉት።

አቅም ሲሉት ጊዜ ሁሉንም ዘረገፈው። ዕጣውን፣ ሳሊምን፣ የተጠቀለለውን ብር፣ እንዴት እንዳባረረው ነገራቸው። ሲጨርስ ልቡ ምስጋና ጠብቆ ነበር። ሼሁ ጺማቸውን ያዝ አደረጉ።

"መጀመሪያ በመቶ አሥር ልስጥህ ሲልህ እንቢ ማለትህ ልክ ነው። ያ ወለድ ነበር" አሉ። "ኋላ ያመጣው ግን ሌላ ነው። አልተነጋገራችሁም፣ አልጠየቅከውም፤ ዕዳውን ከፍሎ ከጨረሰ በኋላ በገዛ ፈቃዱ ያመጣው ስጦታ ነው። ነቢዩም፣ ሰላም በእሳቸው ላይ ይሁን፣ የተበደሩትን ግመል በበለጠ ግመል ነው የመለሱት። ሐላል ነበር፣ አብዱልቃድር።"

አብዱልቃድር ያልሰማ ይመስል አያቸው።

"ይህንኑ ለረህማ ያኔውኑ ነግሬያታለሁኮ" አሉ ሼሁ። "ልጁ በመጣ በሁለተኛው ቀን ከሴቶቹ ጋር መጥታ ጠይቃኝ ነበር። አልነገረችህም?"

ወደ ቤቱ እንዴት እንደደረሰ አያውቅም። ረህማ በር ላይ ፀሐይ እየሞቀች ነበር። ኮቴውን ለይታ "መጣህ?" አለች። አጠገቧ መሬቱ ላይ ተቀመጠ።

"ሼህ አነስ ዘንድ ነበርኩ" አላት።

ረህማ ምን እንደተባለ ገባት። ነጠላዋን ሳበች።

"ለምን አልነገርሽኝም?"

"አንተ ራስህ ሄደህ እንድትጠይቅ ፈለግሁ" አለች። "ነገ ይጠይቃል፣ ለጁምዓ ይጠይቃል እያልኩ ጠበቅሁህ። እኔ ጠይቄ መጣሁ ብልህ እሺ ትለኝ ነበር?"

እሺ እንደማይላት ያውቃል። በዚያ ሰሞን ቢሆን "ሴት ምን ታውቃለች" ብሎ ይጮህባት ነበር፤ ለሳሊም ያለውን ለእሷም ይላት ነበር።

"አልልሽም ነበር" አለ።

"እኔም አውቄ ነው የተውኩት።" እጇን ዘርግታ ፈልጋ ትከሻው ላይ አደረገችው። "በል ተወው፤ ያለፈ አለፈ። እኔ እንግዲህ ብሄድም አላየው። ያለው ብር ለአንድ ሰው ይሆናል ብለኸኝ ነበር አምና፤ ዘንድሮ አንተ ሂድና እይልኝ። ስትመለስ አንድ ሳታስቀር ትነግረኛለህ።"

አብዱልቃድር ጠዋት መጅሊስ የነገሩትን ሊነግራት አፉን ከፈተ። ፊቷን ወደ እሱ አዙራ፣ በማያይ ዓይኗ እያየችው፣ መልሱን ትጠብቃለች።

"እሺ፣ እሄዳለሁ" አላት።